ወንድሜ ኪስ ውስጥ ትራማዶል አገኘሁ፤ ምን ላድርግ?

እህት_አዳማ፦
ሰላም ቤቶች። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ አዳማ ባጃጅ ይነዳል። ከሰዓት በርጫ አለ፤ ማታ ደግሞ ጨብሲ ብሎ ቢራ ይጠጣል። ይሄን ቤተሰቡ ለምዶታል። አሁን ግን ሱሪውን ላጥብ ስል ግማሹ ያለቀ የትራማዶል እሽግ አገኘሁ። ስጠይቀው «ለወገቤ ነው፤ መንገዱ ያንገጫግጫል» አለኝ። ሐኪም አላዘዘለትም፤ ጓደኛው ነው የሰጠው።

ባለፈው እሁድ ሌሊት ወድቆ ሲንፈራገጥ ደረስን። አረፋ ደፈቀ። ጎረቤቶች ክብሪት ጭረው አሸተቱት፤ አንዱ ማንኪያ አምጡ ይላል። ሲነቃ ምንም አያስታውስም። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ በዘራችንም የሚጥል በሽታ የለም። እናቴ ጸበል ይሂድ ትላለች። እሱ «ሳልበላ ቅሜ ነው» ይላል። ከኪኒኑ ጋር ይገናኝ ይሆን? ብነጥቀውስ?

ቢኒ፦
ጫት እኮ ድሮም የነበረ ነው። አያቶቻችን ቅመው ዘጠና ደፍነዋል። ኪኒኑን ቀሚውና ነገሩ ያልቃል።

ፋርማሲስቱ፦
ቢኒ፣ አያትህ ትራማዶል በቢራ አላወራረዱም።

እህቴ፣ አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ ነው፤ ግን መጠኑ ሲበዛ አንጎልን ይረብሽና ያንቀጠቅጣል። ለአዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም አይለፍ የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አንዳንዱን ከዚያ በታችም ይጥለዋል። እንቅልፍ ማጣት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ እንቅልፍ የለውም። የድብርት መድኃኒት ይወስድ እንደሆነም ጠይቂው፤ ከትራማዶል ጋር አይስማማም።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ጫቱ ያነቃል፤ ልብ ያስመታል፤ ግፊት ይጨምራል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር አልኮል ይገባል። አልኮሉም ትራማዶሉም ትንፋሽ ያዘገያሉ። ምርቃናው እያለ ልጁ ደህና ስለሚመስለው ይደግማል። ምርቃናው ሲለቅ ሁለቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ያኔ ተኝቷል፤ ማንም አያየውም። «ደክሞት ነው፣ እያንኮራፋ ነው» ተብሎ በሩ ይዘጋል። ስትጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ። 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፤ ከዘገየ በተገኘው መኪና ሆስፒታል አድርሱት።

እንደገና ከጣለው ክብሪትም ማንኪያም ይቅር። ጭሱ አያነቃውም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፤ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው አትጠብቁ።

መንጠቁን ተዪው። በየቀኑ ሲወስደው ከቆየ ድንገት ሲያቆም ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ያንን ሽሽት ሄዶ ይገዛል። ሐኪም ቀስ እያለ ያወርድለታል። የሚጥለው ነገር ከሌላ በሽታም ሊመጣ ስለሚችል ለማንኛውም ይመርመር። እስከዚያ ግን ባጃጁን አይንዳ። ይሄ ልመና አይደለም፤ መሪ ላይ እያለ ቢጥለው የሚሞተው እሱ ብቻ አይደለም።

የቀድሞ_ቃሚ፦
መድኃኒቱን ለባለሙያው ትቼ ስለ ሰዓቱ ልናገር። በምርቃና አታናግሪው። ሁሉንም እሺ ይልሻል፤ ነገ አቆማለሁ ይላል፤ ፎቅም ይሠራልሻል። በሐራራ ሰዓትም ተዪው፤ ትጣላላችሁ። ጠዋት ቁርስ አቅርበሽ፣ ለብቻው፣ እናትሽ ሳይሰሙ። «ሱሰኛ» አትበዪው። የዚያን ሌሊት ያየሽውን ብቻ ንገሪው፤ እሱ አላየውማ። እኔን ሐኪም ቤት የወሰደኝ የእህቴ እንዲህ ያለ ወሬ ነው፤ ምክርማ ጠግቤ ነበር።

ዱካክ ይመጣበታል፤ ሌሊት የሚያንቀው ይመስለዋል፤ ይጮኻል። ጫት ሲቆም ያለ ነው፤ አትደንግጡ። አዲስ አበባ መምጣት ከቻላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። ጸበሉንም እናትሽ ይውሰዱት፣ ማን ከለከለ፤ ሐኪም ካየው በኋላ ይሁን እንጂ። የታዘዘለት መድኃኒት ካለም ጸበል ገባሁ ብሎ አያቋርጥ።

እህት_አዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳላችሁት አናገርኩት። ማንኪያ አምጡ ሲባል የነበረውን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሁለት እሽግ ጨርሻለሁ አለኝ፤ እውነቱን ይሁን አይሁን እንጃ። ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። የቸገረኝ ባጃጁ ነው፤ የሰው ነው፤ የቀን ገቢ ይጠበቅበታል። ለባለቤቱ ምን ልበለው?

የቀድሞ_ቃሚ፦
ታሟል በዪው። ውሸት አይደለም። ገቢው እንዳይቋረጥበት ደግሞ ሌላ ሹፌር ፈልጉለት፤ አዳማ ባጃጅ የሚነዳ አይጠፋም። ብቻ ኪኒኑን የሰጠውን ጓደኛውን እንዳትተኩት!