«ሳይኬደሊክ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስተረጉም «ሳይኬደሊክ» የሚል ቃል ገጠመኝ። «አደንዛዥ ዕፅ» ብዬው ነበር፤ ግን አልተዋጠልኝም። ምን ትላላችሁ?

የግዕዝ ተማሪ፦ እውነትህን ነው። ማደንዘዝ ስሜት መንሳት ነው፤ ይሄ ቃል ደግሞ የሚያወራው ስለ መግለጥ ነው። ሳይኬደሊክ ከሚባሉት፣ እይታንና ስሜትን ከሚለውጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኤልኤስዲም ቢሆን በቤተ ሙከራ የተቀመመ እንጂ ዕፅ አይደለም።

ቃሉ የተወለደው በደብዳቤ ጨዋታ መሀል ነው። ሀምፍሪ ኦዝመንድ ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1953 (በፈረንጆቹ ነው) ሎስ አንጀለስ ሄዶ ለደራሲው አልደስ ሀክስሊ ሜስካሊን የሚባለውን፣ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ሰጠው። ከዚያማ ደብዳቤው ቀጠለ። በሕክምናው ዓለም እነዚህን መድኃኒቶች «እብደት አስመሳይ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠሯቸው ነበር። ስሙ ኦዝመንድን አላረካውም። በ1956 ሀክስሊ ከግሪክኛ «ፋነሮታይም» የሚል ቃል ሠራና በሁለት ስንኝ ላከለት፤ ይህችን ተራ ዓለም ለማላቅ ግማሽ ግራም ፋነሮታይም ውሰድ፣ ዓይነት ነገር። ኦዝመንድም በግጥም መለሰለት፦ ሲኦልን ለመመርመር ወይ እንደ መልአክ ለመምጠቅ ሳይኬደሊክ ቆንጠር አድርግ። በእንግሊዝኛ ቤት ይመታል። እኔ ስተረጉመው ቤቱ ፈረሰ።

«ፋነሮ» የሚታይ ማለት ነው፤ «ቲሞስ» ደግሞ የኛን «ልብ» ይመስለኛል፣ ወኔም ስሜትም ያለበት። የኦዝመንድ «ፕሲኬ» ነፍስ ወይም አእምሮ፣ «ዴሎስ» ግልጥ ነው። በ1957 በኒውዮርክ የሳይንስ አካዳሚ ኅትመት ላይ አወጣውና ስሙ ጸንቶ ቀረ። የሀክስሊው አፍ ላይ ይከብዳል፤ መሸነፉ አይገርመኝም።

ቃል ፈላጊ፦ ታዲያ «ነፍስ ገላጭ» ልበለው?

ጋሽ ተርጓሚ፦ ተው ልጄ፣ የንስሐ አባት ይመስላል። «እብደት አስመሳይ»ም በአማርኛ አስቸጋሪ ነው፤ «አስመሳይ» ስትል ሰው ግብዝ ነው የሚመጣበት። እኔ «አእምሮ ገላጭ» እላለሁ። ቃሉ ከግዕዙ «አእመረ»፣ አወቀ ነው። ከሐኪሙ ሐሳብ ብዙም አይርቅም።

የግዕዝ ተማሪ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፤ ይሄኛው ይሻላል።

ቃል ፈላጊ፦ እናመሰግናለን ጋሼ። ግን ይቅርታ፣ ሳልነግራችሁ ቀረሁ፤ ጽሑፉ ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን በዚሁ ስም ስለሚጠሩት የ1960ዎቹ የሮክ ሙዚቃ ፖስተሮች ነው። «አእምሮ ገላጭ ፖስተር» ልል ነው?

ጋሽ ተርጓሚ፦ እንዲያማ ከሆነ «ሳይኬደሊክ ፖስተር» በለውና እለፍ።