«ዓላማህን ፈልግ» የሚለው ምክር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነው። ወጣቱን «የሕይወት ዓላማህን ፈልግ» እያልን መምከራችን ልክ ነው? ምረቃ ላይ ይባላል፣ መድረክ ላይ ይባላል፣ ስልክ በከፈትን ቁጥር ይባላል። ሁለት ደንብ ብቻ አለ። ሰው አትስደቡ። «ሁለቱም ልክ ነው» ብላችሁም አታምልጡ። የምትጠቅሷቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ።

ተጠራጣሪ፦ ይጎዳል ባይ ነኝ። ምክሩ ሳይናገር የሚያስተላልፈው ነገር አለ። ዓላማህ የሆነ ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፣ አንተ ነህ ያላገኘኸው ይላል። ታዲያ ያላገኘው ሰው ጥፋቱን በማን ላይ ያድርግ? በራሱ ላይ ነዋ! ሥራ ያጣ ሰው መጨነቁ ይገባኛል። አሁን ግን ሥራም፣ ጓደኛም፣ ጤናም ያለው ልጅ «ዓላማዬን አላወቅኩም» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ይህን ጭንቀት የሰጠነው እኛ ነን።

የማታ አንባቢ፦ ተጠራጣሪ፣ ለአንተ የሚሆን ጥናት አለኝ። በ2018 ኦኪፍ፣ ድዌክና ዋልተን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። ጥያቄያቸው የሰው ዝንባሌ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነገር ነው ብሎ ማመንና ቀስ በቀስ የሚያድግ ነው ብሎ ማመን ምን ልዩነት ያመጣል የሚል ነበር። በአንዱ ሙከራ ተሳታፊዎቹ ጠፈር ላይ ስላለው ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) የሚያጓጓ ቪዲዮ አዩ። ቀጥሎ በዚያው ጉዳይ ላይ ከበድ ያለ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ጽሑፉ ሲከብድ ቶሎ የቀዘቀዙት «ዝንባሌ ይገኛል» የሚለውን ሐሳብ የያዙት ናቸው። የኔ ቢሆን ኖሮ አይከብደኝም ነበር ብለው ያስባሉ መሰለኝ።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ጥያቄው የስልክ ዘመን ጥያቄ አይደለም። መጽሐፈ መክብብን ክፈቱ። ሰባኪው ጥበብንም፣ ተድላንም፣ ሀብትንም፣ ሥራንም ሞክሮ ነው «የከንቱ ከንቱ» የሚለው። የሩሲያው ደራሲ ቶልስቶይም ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ስም፣ ርስትና ቤተሰብ እያለው «ከዚያስ?» የሚል ጥያቄ ያዘው። ራሱን እንዳይሰቅል ገመድ ይደብቅ ነበር። ጠመንጃ ይዞ አደን መውጣትም ተወ። መጨረሻ ላይ መልስ ያገኘው ከተራ ገበሬዎች እምነት ነው። ሰውን ፈልግ ባትሉትም ይፈልጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ራሱ ውስጥ ብቻ እንዲፈልግ መነገሩ ነው። እዚያማ ከራሱ ሌላ ምን ያገኛል?

ጉዞ ላይ፦ ጋሼ፣ ባከብርዎትም አልስማማም። እነዚያ ገበሬዎች ጥያቄውን የመጠየቂያ ጊዜ ራሱ ነበራቸው ወይ? እኔ ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ሳርትርን ነው የምይዘው። በ1945 ፓሪስ በሰጠው ንግግር የወረቀት መቁረጫን ምሳሌ አንስቷል። መቁረጫው ገና ሳይሠራ ለምን እንደሚያገለግል ሠሪው ያውቃል። ሰው ግን መጀመሪያ ይገኛል፣ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ከዚያ በኋላ በሚያደርገው ነው። ስለዚህ ምክሩ ይስተካከል። «ዓላማህን ፍጠር» እንበል።

ጡረተኛው፦ ራስህ የፈጠርከው ከሆነ በደበረህ ቀን አታፈርሰውም? ምን ይከለክልሃል?

ጉዞ ላይ፦ ምንም አይከለክለኝም። ኃላፊነቱ የሚከብደውም ለዚሁ ነው።

የማታ አንባቢ፦ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ በሌላ መንገድ ግን። የግሪኩን ሲሲፈስን ታስታውሳላችሁ? ድንጋይ ተራራ ላይ ሲያወጣ፣ ሲንከባለልበት፣ ደግሞ ሲያወጣ ለዘላለም እንዲኖር የተፈረደበት ነው። ሪቻርድ ቴይለር የሚባል ፈላስፋ በ1970 አንድ ነገር ጨመረበት። አማልክቱ ራርተውለት ድንጋይ የመግፋት ፍቅር በደሙ ውስጥ ቢጨምሩለትስ? አሁን የሚገፋው ወዶ ነው። ቴይለር ትርጉም ከዚህ ከውስጥ ፍላጎት ይመጣል ይላል። ሱዛን ዎልፍ የተባለችው ፈላስፋ ደግሞ አይበቃም ትላለች። ሰውየው ደስ ሊለው ይችላል፣ የሚያደርገው ነገር ግን በራሱም ዋጋ ሊኖረው ይገባል ባይ ናት። እኔም እንደሷ ነኝ። ጉዞ ላይ፣ «ፍጠር» ስትል ምንም ነገር መፍጠር ይበቃል እያልክ ነው። የሰው ፎቶ ላይ ስድብ ሲጽፍ የሚውል ሰውም እኮ ዓላማ ፈጥሯል።

ጉዞ ላይ፦ እሺ፣ ዋጋ ያለውንና የሌለውን ማን ይለያል? ኮሚቴ ይቋቋም?

ነርሷ፦ ኮሚቴው ይቅርና እኔ አንድ ነገር ልበል። ፈላስፎቹን አላነበብኩም፣ ሆስፒታል ግን አውቃለሁ። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኤሚ ረዝኔስኪና ጄን ዳተን፣ በ2001 ስለ ሆስፒታል ፅዳት ሠራተኞች ጽፈዋል። ሥራው አንድ ነው። ከፊሎቹ «እናፀዳለን» ይላሉ፣ አለቀ። ሌሎቹ ግን ከታማሚው ጋር ያወራሉ፣ ጠያቂ ሲጠፋበት መንገድ ያሳያሉ፣ ራሳቸውን ከሚያድኑት ጋር ይቆጥራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ትርጉሙን ሌላ ቦታ ሄደው አላመጡትም፣ እዚያው እጃቸው ላይ ባለው ሥራ አበጁት። ይህን ወድጄዋለሁ።

ግን ሌላ ጎን አለው። «ሙያችሁ ጥሪ ነው» የሚለን ሰው ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚያነሳው ያለ ክፍያ ስለምንሠራው ትርፍ ሰዓት ነው። ዓላማ አለህ የተባለ ሰው ደመወዝ መጠየቅ ያሳፍረዋል። ይህንንም መዝግቡልኝ።

ተጠራጣሪ፦ አቤት! ይህን ከኔ በተሻለ አልሽው። ቁጥርም ልጨምር። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2021 በ17 ያደጉ አገሮችና ግዛቶች «ለሕይወትህ ትርጉም የሚሰጠው ምንድን ነው?» ብሎ ሰዎችን በራሳቸው ቃል እንዲመልሱ ጠየቀ። በ14ቱ አንደኛ የወጣው ቤተሰብ ነው። ሰው እናቴ፣ ልጄ፣ ወንድሜ ይላል። መድረክ ላይ ግን እንደ ትልቅ ምስጢር ፈልጉት እንባላለን።

ጡረተኛው፦ ቁጥር ከተነሳ የኦይሺንና የዲነርን የ2014 ጥናትም ጥቀስ እንጂ። ከ132 አገሮች በተሰበሰበ መረጃ፣ ሕይወቴ ትርጉም አለው የሚሉት ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ በድሆቹ ይበዛሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሃይማኖት መሆኑንም ጽፈዋል።

ተጠራጣሪ፦ ጋሼ፣ ጽፈዋል። ግን ያ ጥናት ሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸው እንጂ እምነታቸው እውነት መሆኑን አይነግረንም። ደግሞ በዚያው ጥናት በኑሯቸው ረክተናል የሚሉት በሀብታሞቹ አገሮች ነው የሚበዙት። ድህነትን ዓላማ ይሰጣል ብለን እንዳናሞግሰው።

ጡረተኛው፦ ማን አሞገሰው? ርሃብን የማውቀው እኔ ነኝ።

አወያይ፦ ቀስ፣ ቀስ። ፍራንክልን ያላነሳችሁት ረስታችሁት ነው ወይስ ሰልችቷችሁ?

ነርሷ፦ እሱን አንብቤዋለሁ። የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። በ1942 ወደ ናዚ ማጎሪያ ተወሰደ፣ በ1945 ነፃ ወጣ። ሚስቱንና ወላጆቹን አጥቷል። እኔ የያዝኩት ጥያቄውን መገልበጡን ነው። «ሕይወት ምን ትሰጠኛለች» ብለህ አትጠይቅ፣ ጠያቂዋ እሷ ናት፣ አንተ መልስ ይላል። ስለዚህ ወጣቱን «ዛሬ ማን ይፈልግሃል?» ብንለው ይሻላል።

የበኩር ልጅ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ነርሷ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እዚህ ላይ ተሳስተሻል። «ማን ይፈልግሃል?» የሚለውን ጥያቄ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመልስ ነው የኖርኩት። ታናናሾቼ ይፈልጉኛል። ወላጆቼ ይፈልጉኛል። የምማረውን ትምህርት ቤተሰብ መረጠ። የማገባውንም ሊመርጡ ነበር። አንድ አስተማሪዬ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እዚህ የምትስቁበት ምክር እኔን አላስጨነቀኝም። መተንፈሻ ነው የሰጠኝ።

ተጠራጣሪ፦ ይህን አላሰብኩበትም። ቢሆንም አስተማሪሽ ያደረገችው ሌላ ነገር ነው። እሷ አንቺን አውቃ ነው የጠየቀችሽ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ሺህ ሰው ፊት ቆሞ ለሁሉም አንድ ነገር ይላል። የተጫነበት አለ፣ ምንም ያልተጫነበት አለ። የኔ ጥል ከመድረኩ ጋር ነው።

የበኩር ልጅ፦ መድረክ ላይ ካልተባለ እኮ እንደኔ ያለችው አትሰማውም። ቤቷ ውስጥ ማን ሊነግራት?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ አንድ ልጠይቅሽ። ታዲያ ምን ፈለግሽ? አገኘሽው?

የበኩር ልጅ፦ ጋሼ፣ ገና ነኝ። ታናናሾቼን አሁንም አስተምራለሁ፣ ትምህርቱን ግን ቀየርኩ። ትዳሩንም እምቢ አልኩ።

ጉዞ ላይ፦ ሳርትር ያለው ይህንኑ ነው!

የበኩር ልጅ፦ ወንድሜ፣ የእናቴን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ እንጂ ሳርትር አይደለም።