ቸርችል ጎዳና ከየት እስከ የት ነው? የድሮውን ስም የምታውቁ እርዱኝ

የደሴዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ኖሯል። በ1966 ዓ.ም. ለእናቴ የጻፈላት ደብዳቤ እጄ ላይ አለ። ቤቱ የት እንደሆነ ሲነግራት «ቸርችል መንገድ፣ ከልዑል መኮንን ሆስፒታል ዝቅ ብሎ» ይላል። ቅዳሜ ሰፈሩን ላሳየው አስቤያለሁ። ግን ትናንት ታክሲ ውስጥ ቸርችል ስል አንዱ ረዳት ፒያሳ ነው አለኝ፣ ሌላው ለገሃር ነው አለ። ልዑል መኮንን የሚባል ሆስፒታል ደግሞ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። የመንገዱ ስም ተቀይሯል እንዴ? አባቴን ጉልበቱን ስለሚያመው በከንቱ ላንከራትተው አልፈልግም። አደራ!

የአራዳው ልጅ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ረዳቶች ልክ ናቸው። የቸርችል ላይኛው ጫፍ ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤት ፊት ነው። ታችኛው ጫፍ ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስሙም አልተቀየረም። ነገር ግን «ቸርችል ወራጅ አለ» የሚል ሰው አትሰሚም። «ቴዎድሮስ ወራጅ»፣ «ጥቁር አንበሳ ወራጅ»፣ «ፖስታ ቤት ወራጅ» ነው የሚባለው። አንቺም እንደዚያ በይ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ስሙ የተቀየረው መንገዱ ሳይሆን ሆስፒታሉ ነው። የአባትሽ «ልዑል መኮንን» ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የምንለው ነው። የተሰየመው ለሐረሩ መስፍን፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ መታሰቢያ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለወጠ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትርም እንዲሁ ብሔራዊ ትያትር ሆነ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሎ ቆይቶ እንደገና መስቀል ተባለ። በዚህ ሁሉ መሃል የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም ከመንገዱ ላይ አለመነሳቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስሙ የመጣው ከነፃነት በኋላ ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር አብሮ ተዋግቶ ነበር። ያኔ እንግሊዝን የሚመራው ዊንስተን ቸርችል ነው። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ስሙን ያገኘው ከዚያው ዘመን ነው።

ለገሃር የሚለውም ከውጭ የመጣ ነው። ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያውን «ላ ጋር» ይሉታል፣ ሕዝቡ በራሱ አንደበት ለገሃር አደረገው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጣቢያው ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ለአባትሽ አሳይው። ጣሊያኖች ሮም ወስደውት ነው የተመለሰው። አባትሽ በእርግጥ ያስታውሰዋል።

ታክሲ ነጂው፦
እኔ ከጉልበቱ ነው የምነሳው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ከለገሃር ወደ ላይ እንዳታስኬጂው። ማዘጋጃ ጋ ውረዱና ወደ ታች ኑ። መጀመሪያ ቴዎድሮስ አደባባይን ታገኛላችሁ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የቆመበት ነው። ከዚያ ጥቁር አንበሳ፣ ቀጥሎ ዋናው ፖስታ ቤት። ከደከመው ደግሞ በቀጥታ ጥቁር አንበሳ ውረዱ። የሚፈልገው ቦታ ከዚያ በታች ነው እኮ።

የአራዳው ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለው ረጅሙ የትግላችን ሐውልት የተመረቀው በ1977 ዓ.ም. ነው። በአባትሽ ጊዜ አልነበረም፣ ግራ እንዳይገባው ቀድመሽ ንገሪው። ማዘጋጃ ቤቱን ግን ያውቀዋል፣ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ነገር ፈርሷል። የጎረምሳነቱን ፒያሳ ሲያጣ እንዳይከፋው አብራችሁ ቀስ በሉ። እኔ ተወልጄ ያደግኩበት እንኳን ሳልፍ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

የደሴዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! ጋሼ መምህር፣ የጻፉትን ለአባቴ አነበብኩለት። «ልዑል መኮንን» ስል ዝም አለ፣ ከዚያ «አዎ፣ ጥቁር አንበሳ ነው፣ እንዴት ረሳሁት» አለ። ቤቱ ከፖስታ ቤቱ በላይ መሆኑንም አስታወሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማዘጋጃ እንወርዳለን። የቤት ቁጥሩ ግን ደብዳቤው ላይ የለም። ቤቱን ራሱን ማግኘት የሚቻል ይመስላችኋል?

ጡረተኛው መምህር፦
ቁጥር ከሌለ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አትልፉ። ሰፈሩ ውስጥ ያረጀ ሱቅ ካገኛችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። የአባትሽንም የአከራዮቹንም ስም ንገሯቸው። ከዚያ በዕድሜ የገፉ እናቶችን። ቤቱ ባይኖር እንኳን የሚያስታውሰው ሰው ሊገኝ ይችላል። ደብዳቤውን ይዘሽ ሂጂ።