ስክሪን ላይ የበራው ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ይጨልማል፣ ሞኒተሬን እንዴት ላስተካክለው?

ፎቶ_ደብረብርሃን
ሰላም የሙያ ወዳጆች፣ ደብረ ብርሃን ነው የምሰራው፣ ሰርግና ምርቃት ይበዛል። ላይትሩም (ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ሳየው ፊቱ በርቶ ነጠላው ነጭ ሆኖ የጨረስኩት ፎቶ አዲስ አበባ ላብ (ፎቶ ማተሚያ ቤት) ልኬው ታትሞ ሲመጣ ፊት ይጠቁራል፣ የሙሽራው ሱፍ እጥፋቱ ምኑ ሳይለይ ጥቁር ሆኖ ይደፈናል፣ ነጠላው ደግሞ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል። ላቡ "ሞኒተርህን አስተካክል" ነው የሚለኝ። ሞኒተሬ 24 ኢንች አይፒኤስ (የስክሪን ዓይነት) ነው፣ ብራይትነሱ ከካርቶኑ እንደወጣ 100 ላይ ነው። የሞኒተር ከለር መለኪያ ዕቃ የለኝም። የጥምቀት አልበም ታዝዣለሁ፣ ያለ ዕቃ በዓይን የሚሆን ነገር አለ?

የጣርማበር_ልጅ
ወንድሜ መጀመሪያ ብራይትነሱን አውርደው፣ ግማሹ ችግር እሱ ነው። ስክሪን የራሱ መብራት አለው፣ ወረቀት ግን የወደቀበትን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ 100 ላይ ባለ ሞኒተር ስትሰራ ፎቶው የበራ ስለሚመስልህ ኤክስፖዠር መጨመር ያለብህ ቦታ ላይ አትጨምርም፣ ወረቀቱ ሲመጣ እውነቱ ይወጣል። ለህትመት የሚሰሩ ሰዎች ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ላይ ነው የሚያስቀምጡት፣ አዲስ ሞኒተር ግን ብዙ ጊዜ ከ250 በላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። መለኪያ ከሌለህ ነጭ ወረቀት ከሞኒተሩ አጠገብ ያዝና ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈት፣ ሁለቱ እኩል እስኪበሩልህ ድረስ ቀንስ። መጀመሪያ ቀን በጣም የጨለመ ይመስልሃል፣ ዓይን ይለምደዋል፣ መልሰህ እንዳትጨምረው። እና ናይት ላይት (ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው) ካለ አጥፋው፣ ሞኒተሩም ገና እንደበራ ከለር አትንካ፣ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ።

ፎቶ_ደብረብርሃን
እሺ ብራይትነሱ ገባኝ፣ የነጠላው ሰማያዊ መሆንስ? አንዱ ጓደኛዬ ከለር ቴምፕሬቸሩን (የነጩን ቢጫነት ወይም ሰማያዊነት) 5000 አድርገው ይለኛል ሌላው 6500 ይላል።

መንዝ_ጓሳ
6500 ላይ ተወው፣ ጋማ (የመካከለኛው ብርሃን ድምቀት) 2.2። 5000 የሚሉት በኅትመት ቤት ስታንዳርድ መብራት ስር ፕሪንት ከስክሪን ጋር ጎን ለጎን ለሚያዩ ነው፣ አንተ ቤት ያ መብራት ከሌለ ስክሪኑ ቢጫ ሆኖብህ ፎቶውን በግድ ወደ ሰማያዊ ትገፋዋለህ፣ የባሰ ይሆናል። ፕሪንቱን ስታይም የቤት አምፖል ስር አትይ፣ በቀን መስኮት አጠገብ ቁምና እይ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይምታው።

ነጠላን በተመለከተ ዓይንህን አትመን ቁጥሩን እይ። ፎቶሾፕ ላይ ኢንፎን ክፈትና ማውሱን ነጩ ላይ አድርግ፣ ሦስቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ካልሆኑና ብሉው ከቀዩ ከበለጠ ፋይሉ ራሱ ሰማያዊ ነው፣ ሞኒተሩ አይደለም። እኛ አገር በጠዋት ጥላ ውስጥ ያነሳኸው ነጭ ሁሉ እንደዛ ነው የሚሆነው፣ ሰማዩ ነው የሚያበራው። ቁጥሩ እኩል ሆኖ ፕሪንቱ ከሰማየየ ግን ላቡ ጋ ነው ነገሩ።

ሌላው፣ ኤክስፖርት ስታደርግ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የከለር ዓይነት) ላክ። አዶቤ አርጂቢ የላክህ እንደሆነና ማሽኑ ፕሮፋይሉን (ከለሩ እንዴት እንደሚነበብ የሚገልጸውን መረጃ) ካላነበበ ከለሩ ደብዝዞ ነው የሚወጣው። ላቡን ደግሞ አውቶ ኮሬክሽን (ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ) አጥፉልኝ በል፣ ሳይጠፋ ሞኒተርህን ብታስተካክልም በየፎቶው ራሱ ስለሚለውጠው መቼም አትደርስበትም።

የጥምቀቱ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። የካህናቱ ጃንጥላ፣ ያ ደማቅ ቀይ ቬልቬት፣ ወረቀት ላይ ልክ እንደ ስክሪኑ አይወጣም፣ እኔም ጓሳ የማነሳው የጭላዳ ደረት ቀዩ ሁሌ ትንሽ ይከስማል፣ ቀለሙ ወረቀቱ ከሚችለው በላይ ነው። ላቡ የወረቀቱን አይሲሲ ፕሮፋይል (ወረቀቱ የሚችለውን ከለር የሚገልጽ ፋይል) ከሰጠህ ላይትሩም ዲቨሎፕ ላይ ኤስ ተጫንና ሶፍት ፕሩፍ (የህትመቱን መልክ ስክሪን ላይ ማሳየት) አድርገህ የሚጠፋውን ቀድመህ እይ፣ ቀዩን ብቻ ሳቹሬሽን ትንሽ ቀንስለት፣ የወርቅ ጥልፉ ዝርዝር ይድናል።

አንኮበር_ስቱዲዮ
ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፣ የጣርማበር ልጅ ያለውን ወረቀት ዘዴ ግን ክፍሉ መብራት ካልተለዋወጠ ብቻ ነው የሚሰራው። ሞኒተሩ ላይ የመስኮት ብርሃን የሚያርፍ ከሆነ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ይሆናል፣ መጋረጃ አድርግ፣ ደማቅ ከለር ያለው ልብስ ለብሰህም አትቀመጥ ስክሪኑ ላይ ይንጸባረቃል።

እኔ የምመክርህ አንድ ፋይል አዘጋጅ፣ ፊት ያለበት (ጠይም ፊትም ቀይ ፊትም)፣ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ሱፍ፣ ግራጫ፣ ደማቅ ቀይና አረንጓዴ። እሱን አውቶ ኮሬክሽን ሳይኖር አሳትመው፣ ከዛ ፋይሉን ሳትነካ ሞኒተሩን በራሱ ቁልፎች ወደ ፕሪንቱ አምጣው፣ መጀመሪያ ብራይትነስ ቀጥሎ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ። ፋይሉን ሳይሆን ሞኒተሩን፣ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። ዊንዶውስም የራሱ ካሊብሬት ዲስፕሌይ ከለር የሚል አለው፣ ለጋማው ይረዳል።

ዞሮ ዞሮ በዓይን የተስተካከለ ሞኒተር ተቀራራቢ እንጂ ልክ አይሆንም። ስፓይደርም ሆነ አይ ዋን ዲስፕሌይ (የሞኒተር መለኪያ ዕቃዎች ናቸው) ከተማው ውስጥ ሁለት ሦስት ስቱዲዮ ሆናችሁ አንድ ግዙ፣ ዕቃው በየቀኑ አያስፈልግም፣ በወር አንዴ ለክታችሁ ማዞር ነው። ዲስፕሌይካል የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ነው፣ ከሁለቱም ጋር ይሰራል።

ፎቶ_ደብረብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ብራይትነሱን በወረቀቱ ዘዴ ሳወርደው 30 አካባቢ ነው የቆመው፣ የድሮዎቹን ፋይሎች ስከፍት በፕሪንቱ ላይ እንዳሉት ጨልመው ነው የታዩኝ። የአንኮበር ስቱዲዮን ፋይል ነገ አዘጋጅቼ ከአልበሙ በፊት እልካለሁ፣ ወረቀቱ ማት (የማያብረቀርቅ) ነው፣ ለግሎሲ (ለሚያብረቀርቀው) ሌላ ማሳተም አለብኝ?

አንኮበር_ስቱዲዮ
አዎ ለየብቻ አሳትም፣ ማት ላይ ጥቁሩ እንደ ግሎሲ አይጠልቅም። አልበሙ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ነው ማየት ያለብህ።