ክርክር፦ ነፍሰ ጡር ወደ ኦስቲዮፓት (አጥንትና ጡንቻን በእጁ እየዳሰሰ ወደሚያክም ባለሙያ) ትሂድ ወይስ አትሂድ?

የሊያ እናት (ለንደን)፦ የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ። አልጋ ላይ ስገላበጥ ዳሌዬ ያስጮኸኛል። አዋላጇ ፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ጻፈችልኝ፤ ወረፋው ግን ሳምንታት ይፈጃል ተባልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ስትወተውተኝ ከኪሴ ከፍዬ ኦስቲዮፓት ጋ ሄድኩ። በጎኔ አስተኝቶ በጉልበቶቼ መሀል ትራስ ከተተ፤ ከወገቤ ግርጌ ያለውን አጥንት በመዳፉ ይዞ ቀስ እያለ ገፋ። «ቀጭ» ያለ ነገር የለም፣ ሆዴንም አልነካም። ያን ሌሊት ተኛሁ። ባለቤቴ ግን «ገንዘብሽን ለወጌሻ በተንሽ» ብሎ ይስቅብኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ወጪውን ኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ቢሸፍነው ምን አለበት?

አብርሃም (ሊድስ)፦ መሻልሽ ደስ ይላል፣ መንግሥት ይክፈል የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ቴክሳስ ውስጥ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያሉ 400 እርጉዞችን ለሦስት ከፍለው ያጠኑት ጥናት በ2015 ወጥቷል። አንዱ ቡድን የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ፣ ሁለተኛው ኦስቲዮፓቲ ተጨመረለት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሕክምና የማይሰጥ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ለይስሙላ ጀርባው ላይ ተደረገለት። ኦስቲዮፓቲ የተጨመረላቸው ክትትል ብቻ ካገኙት ተሽለዋል፤ ከይስሙላው ቡድን ጋር ሲተያዩ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ታዲያ ግብር ከፋዩ ለምኑ ይክፈል?

ትዕግስት፣ አዋላጅ ነርስ (ባሕር ዳር)፦ እናንተ ስለ ክፍያ ትከራከራላችሁ፣ እኛ ጋ ጣጣው ሌላ ነው። «ልጁ ዞሯል» ተብላ ሆዷ በቅቤ ሲታሽ የሰነበተች እናት ደም እየፈሰሳት ስትመጣ አይቻለሁ። ሆድን በኃይል መጫን የእንግዴ ልጁን ያለጊዜው ከማሕፀን ሊያላቅቀው ይችላል። በእርግጥ ሐኪምም በ37 ሳምንት ገደማ በመቀመጫው የመጣን ልጅ ከውጭ ያዞራል። ግን በአልትራሳውንድ እያየ፣ የልጁን የልብ ምት እየተከታተለ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተዘጋጅቶ ነው። የሊያ እናት፣ ያንቺ ሰው ሆድሽን አለመንካቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወ/ሮ ዘነበች (ሜሪላንድ)፦ ልጆቼ፣ ምን ያስፈራችኋል? እኔን ያዋለደኝ ኦስቲዮፓት ነበር። መድኃኒት ያዛል፣ ኦፕራሲዮን ያደርጋል። ለወገቤማ እናቴ እንዳሳየችኝ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ከሆዴ ሥር አስር ነበር፤ እሱም ከሐኪሙ እጅ አላነሰም።

አብርሃም፦ እትዬ፣ የእርስዎ ሐኪምና የለንደኑ ሰውዬ አንድ አይደሉም። የሙያው መሥራች አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1892 ሚዙሪ ላይ ትምህርት ቤቱን ከከፈተ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሙያው ከሕክምናው ጋር ተዋህዶ ዛሬ ሙሉ ሐኪም ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በ1993 በወጣው ሕግ ተመዝግበው ይሠራሉ እንጂ ሐኪም አይደሉም። ስለዚህ የአሜሪካ ዘመድ «ሂጂ» ስላላት ብቻ እዚህ ያለችው እንዳትሄድ።

የሊያ እናት፦ መመዝገቡን አይቼ ነው የሄድኩት። ወንድ ስለሆነ ተሳቅቄ ነበር፤ እጁን ከማሳረፉ በፊት ግን በየደረጃው ያስፈቅደኝ ነበር፣ ባለቤቴም እንዲገባ ጋበዘው። (እሱ መኪና ውስጥ ስልኩን መረጠ!) ደግሞም እንዴት እንደምተኛ፣ ሊያን እንዴት እንደማነሳት ጠየቀኝ። አዋላጇ ጥሩ ሰው ናት፣ ዓይኗ ግን ከኮምፒውተሩ አይነሳም።

አብርሃም፦ እኮ! የጎደለሽ የሚያዳምጥሽ ሰው ነው። ገንዘቡ ለአዋላጆች ይጨመር። የ2021ዱ የአገሪቱ የእርግዝና ክትትል መመሪያም ለዳሌ ሕመም የሚጠቅሰው የፊዚዮቴራፒ ስፖርትና ለስላሳ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ነው።

ወ/ሮ ዘነበች፦ ይኸው፣ መቀነቴ መመሪያ ውስጥ ገባ!

ትዕግስት፦ 😂 እትዬ አሸነፉ። ግን አንድ ነገር ልበል፦ ደም ከታየሽ፣ አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ከጋለ፣ ራስ ምታቱ ዓይንሽን ካደበዘዘው ወይም ጭንሽ መሀል ከደነዘዘ ወጌሻም ኦስቲዮፓትም ጋ አትሂጂ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። የወገብ ሕመም መጣ ሄድ እያለ ከጠነከረም ምጥ ሊሆን ይችላል።

የሊያ እናት፦ ጻፍኩት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ አልሰርዝም፤ ፊዚዮቴራፒው ከቀደመ ግን እሱን እይዛለሁ። አብርሃም፣ መንግሥት አይክፈል ካልክ እስከዚያ የምተኛበትን መላ አንተ አምጣ።