«ወደ ፊት ወረወረኝ» ስንል ወርዋሪው ማነው?

ቃል ለቃሚ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ «ወደ ፊት ወረወረኝ» እንላለን፤ ኩርባ ላይ ደግሞ «ወደ በሩ ገፋኝ»። ሁለቱም ተሻጋሪ ግሶች ናቸው፤ አድራጊ ይፈልጋሉ። አድራጊው ማነው? መኪናው? ሾፌሩ? ፍሬኑ? ለሥራ ነው የምጠይቀው። የማርመው የልጆች የሳይንስ ጽሑፍ ላይ ደራሲው «ወረወረው» የሚለውን በሙሉ ሰርዞ «እንቅስቃሴውን ቀጠለ» ብሎታል። ሳነበው ደረቀብኝ።

ጥቁር ሰሌዳ፦
እህቴ፣ ደራሲው ከፊዚክሱ አልወጣም። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንቺም በ50 እየሄድሽ ነው። ተቀምጠሽ ስለሆነ አይታወቅሽም እንጂ በእያንዳንዱ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ትጓዣለሽ። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ነው፤ ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ መኪናውን ያቆመዋል። አንቺን ግን ወንበሩ ከሥር በመጠኑ ይይዝሽ እንደሆነ ነው እንጂ ከወገብሽ በላይ የያዘሽ ነገር የለም፤ ቀበቶ ካላሰርሽ በአመጣጥሽ ትቀጥያለሽ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ማንም ማንንም አልወረወረም። መኪናው ቆመ፣ ተሳፋሪዋ ግን ገና እየሄደች ነው።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው፦ የሚገፋው ወይም የሚይዘው ያላገኘ አካል የቆመም ከሆነ እንደቆመ፣ የሚሄድም ከሆነ በዚያው ፍጥነት በቀጥታ መስመር እንደሄደ ይቆያል። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን የገነነው የአርስቶትል ሐሳብ ነበር፤ ገፊው እጁን ሲያነሳ ተገፊው ይቆማል የሚል። እኛም «ወረወረኝ» ስንል ሳናውቀው የእርሱ ደቀ መዝሙሮች ነን።

ምስክሩ፦
መምህር፣ እርስዎ አስፋልት ዳር ቆመው ነው የሚናገሩት። እኛ ደግሞ መኪናው ውስጥ ነን። ከፊቴ ያለው ወንበር፣ ረዳቱ፣ መስኮቱ ሁሉም ባሉበት እንዳሉ እኔ ብቻ ወደ ፊት ከሄድኩ ወረወረኝ ማለቴ ምን ነውር አለው? ሰው የሚናገረው ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ጠለቀች የሚለውንም ልንሰርዝ ነው?

ጥቁር ሰሌዳ፦
እንዳትሰርዝ! የፊዚክስ ሰዎችም መኪናውን እንደቆመ ቆጥረው ሲያሰሉ ወደ ፊት የሚገፋ ጉልበት ይጨምሩበታል፤ ካልጨመሩ ስሌቱ አይገጥምም። ስለዚህ ከወንበሩ ላይ ሆነህ ስትናገር «ወረወረኝ» ያስኬዳል። ልዩነቱ የሚታየው «አንድ እጅ አያጨበጭብም» የሚለውን ስትይዝ ነው። እውነተኛ ግፊት ሁልጊዜ ጥንድ አለው፦ ግድግዳውን ስትገፋ ግድግዳውም አንተን በዚያው መጠን ይገፋሃል፤ ጎማው አስፋልቱን ወደ ፊት ሲገፋ አስፋልቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ መኪናው የሚቆመውም በዚህ ነው። ያንተ ወርዋሪ ግን ጥንድ የለውም። አንተ በአጸፋው የገፋኸውን ነገር ብትፈልግ አታገኝም። አንድ እጅ ብቻውን አጨበጨበ ከተባለ እዚያ ላይ መጠርጠር ነው።

ቃል ለቃሚ፦
እሺ፣ ግን «እንቅስቃሴውን ቀጠለ» የሚለው አሁንም የቢሮ ደብዳቤ ይመስለኛል። ለአሥር ዓመት ልጅ ምን ይባል?

ምስክሩ፦
ግሱ በእጃችን ነው እኮ። መኪናው አልነሳ አለ። ድንጋዩ አልገፋ አለ። ጋሪው ቁልቁለት ላይ አልቆም አለ። ግዑዙን ነገር እንደ እልኸኛ ሰው «አል… አለ» እንለዋለን። የቆመው አልነሳ ይላል፣ የሚሄደው አልቆም ይላል፤ የመምህር ሕግ ሁለቱም ወገን በአንድ ሰዋስው ገባ። «መኪናው ቆመ፤ የልጁ ሰውነት ግን አልቆም አለ» ይበሉ።

ጥቁር ሰሌዳ፦
ይህን ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ። እልኩም መጠን አለው፤ ባዶ ጋሪና ጤፍ የጫነ ጋሪ እኩል አልነሳ አይሉም፣ እኩልም አልቆም አይሉም።

ጡረተኛው ሾፌር፦
ልጆቼ፣ ስለ ፍሬን ካነሳችሁ «ፍሬን በጠሰ» የምትሉትን ደግሞ እኔ ልናገር። ዛሬ አፉን መግታት ያቃተውን ሰው ሁሉ «ፍሬን የበጠሰ» ትሉታላችሁ፤ ይሁን። መኪናው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠስ ነገር የለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ጀማሪ ሾፌር ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። የፍሬኑ ሸራ ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ሲፋተግ ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል፣ ብሎም ይጨሳል። የጋለ ሸራ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ መኪናው አልቆም ይላል። ልምድ ያለው ሰው ገና አፋፉ ላይ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬኑን ለቁርጥ ቀን ያስቀምጠዋል።

ጥቁር ሰሌዳ፦
ጋሼ፣ የሚሉትን በቁጥር ላስደግፈው። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ቢወርድና ፍሬኑ ብቻ ቢይዘው፣ የሚወጣው ሙቀት 880 ሊትር ገደማ ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ከአራት በርሜል በላይ ነው። የዓባይ ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል።

ቃል ለቃሚ፦
ጋሼ «ሲፋተግ» ሲሉ ሌላ ጥያቄ አመጡብኝ። ጽሑፉ ላይ «ሰበቃ» ተብሏል። ሰበቃ ወይስ ፍትጊያ?

ምስክሩ፦
ሰበቃ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደ ነው፤ ለእኔ ግን ጦር መስበቅና ነገር ሰባቂ ይቀድሙብኛል። ፍትጊያ ሁለት ነገሮች እንደሚሻሹ ራሱ ይናገራል። በነገራችን ላይ ጋራዥ ውስጥ ፍሪሲዮን የምንለው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያም ቃሉ ፍትጊያ ማለት ነው። ሞተሩና ማርሹ የሚያያዙት ሁለት ገጾች ተጣብቀው ሲፋተጉ ስለሆነ ስሙ በቦታው ነው።

ቃል ለቃሚ፦
እንግዲያው ፍትጊያ ብዬ አልፈዋለሁ። የኩርባው «ወደ በሩ ገፋኝ» ግን ሳይመለስ ቀረ።

ጥቁር ሰሌዳ፦
እዚያ ላይ ገፊ አለ፣ አቅጣጫው ነው የተገለበጠው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ አንቺ በቀጥታ መሄድሽን አልተው ትያለሽ፤ የቀኙ በር መጥቶ ትከሻሽን ያገኘዋል። ከዚያ በሩ አንቺን ወደ ግራ፣ ወደ ኩርባው ውስጥ ይገፋሻል፤ ከመኪናው ጋር አብረሽ የምትታጠፊውም በዚያ ግፊት ነው። «በሩ ገፋኝ» ብለሽ ጻፊው።