የማታው ስልክ የጠዋቱን ጥናት በላብኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አራት ኪሎ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራ የምገባው 2፡30 ነው። ንጋት ከ11፡30 እስከ 12፡30 ለሒሳብ አያያዝ ፈተና ማጥናት ከጀመርኩ 21 ቀን ሆነኝ። የምተኛበትንና የምነሣበትን ሰዓት ደብተር ላይ እመዘግባለሁ።

13 ቀን ተሳካ፣ 8 ቀን ከሸፈ። ከከሸፉት 7ቱን የተኛሁት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ችግሩ ያለው ማታ ነው፤ አላርም መጨመሩ ምንም አልፈየደም።

የሠራልኝ፣ ማታ መጽሐፉን የማጠናው ገጽ ላይ ከፍቼ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስቀምጬ መተኛቴ ነው። ጠዋት "ከየት ልጀምር" የሚባል ነገር የለም። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ከቀኑ 11 ሰዓት የምጠጣትን ቡና ወደ 7 ሰዓት አመጣኋት፤ እሷም ረድታለች።

ያቃተኝ ስልኩ ነው። 3፡30 ላይ ዳታ አጠፋለሁ፤ ግን አለቃዬ የነገውን ሥራ በቴሌግራም የሚልከው ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መልእክቱን ልይ ብዬ እከፍታለሁ፣ አንብቤ ስጨርስ ጣቴ ወደ ቪዲዮ ይሄዳል፣ ቀና ስል 6 ሰዓት አልፏል። ቲክቶክን ሰረዝኩት፤ ቴሌግራሙ ራሱ በቻናል ተሞልቷል። ስልኩን ጎረቤት ዘንድ እንዳላስቀምጥ እናቴ ከገጠር የምትደውለው ማታ ነው።

የአለቃዬ መልእክትና የእናቴ ጥሪ ሳያመልጡኝ፣ ከ3፡30 በኋላ ስልኩ ሌላ ነገር እንዳያሳየኝ እንዴት ላድርግ?